ሳይሰበር አቅሙን ያጣ ሞጁል፦ የዜድኤፍኤስ ፓኬጆችና የ2019ኙ የከርነል ለውጥ

በሊኑክስ ላይ ከከርነሉ (የሥርዓቱ እምብርት ከሆነው ፕሮግራም) ምንጭ ኮድ ውጭ የሚዘጋጅን ሞጁል (ከርነሉ ላይ የሚጫን ተጨማሪ የኮድ ክፍል) በፓኬጅ ማቅረብ፣ ተራ ፕሮግራምን በፓኬጅ ከማቅረብ በመሠረቱ ይለያል። ተራ ፕሮግራም የሚደገፈው ከርነሉ በሚሰጠው የሲስተም ጥሪ ላይ ነው፤ በዚህ በኩል የከርነሉ አዘጋጆች የቆየ ፕሮግራም እንዳይሰበር ብርቱ ጥንቃቄ ያደርጋሉ። ሞጁል ግን የሚያያዘው ከከርነሉ የውስጥ ፈንክሽኖች ጋር ሲሆን፣ እነዚህ ከአንዱ ቨርዥን ወደ ሌላው ሳይለወጡ እንደሚቆዩ ምንም ዋስትና እንደሌለ በከርነሉ ሰነድ ውስጥ በግልጽ ተጽፏል። በመሆኑም እንዲህ ያለ ፓኬጅ የሚመዘነው ዛሬ በመሥራቱ ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ከርነል ሲለወጥ ብልሽቱ መቼ፣ የትና ለማን እንደሚታይ አስቀድሞ በመወሰኑም ጭምር ነው። እዚህ የማቀርበው በ2019 ዜድኤፍኤስ በተባለው ፋይል ሲስተም (ፋይሎችን በዲስክ ላይ የሚያስተዳድር ሥርዓት) ሞጁል ላይ የደረሰውን ነው፤ በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ሞጁሉ ኮምፓይል ሆኖ (ማለትም ከምንጭ ኮዱ ተጠናቅሮ)፣ ተጭኖ፣ ዲስኮችንም እያገለገለ ሳለ የአቅሙን ትልቅ ክፍል ያጣበት ስለሆነ ነው። ለፓኬጅ አዘጋጅ ከዚህ የከፋ የብልሽት ዓይነት አላውቅም።

ሞጁሉ ከከርነሉ ውጭ የቀረበት ምክንያት

ዜድኤፍኤስ በሰን ማይክሮሲስተምስ የተሠራ ፋይል ሲስተም ነው። ምንጭ ኮዱ በ2005 በኦፕንሶላሪስ ፕሮጀክት በኩል ሲዲዲኤል በተባለው ፈቃድ ይፋ ሆነ። ወደ ሊኑክስ የማምጣቱ ሥራ በ2008 በአሜሪካው ሎውረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ላቦራቶሪ በብራያን ቤህሌንዶርፍ ተጀመረ፤ ላቦራቶሪው ዜድኤፍኤስን የፈለገው በሱፐርኮምፒውተሮቹ ላይ ለሚሠራው የላስተር ፋይል ሲስተም መሠረት እንዲሆን ነበር። የሊኑክስ ከርነል ጂፒኤል በተባለው ፈቃድ ሁለተኛ ቨርዥን ሥር ያለ በመሆኑና ይህ ፈቃድ ከሲዲዲኤል ጋር በአንድ የተጠናቀረ ሥራ ውስጥ አብሮ ሊሰራጭ አይችልም የሚለው አቋም ሰፊ ተቀባይነት ስላለው፣ ዜድኤፍኤስ ወደ ከርነሉ ምንጭ ኮድ ሊገባ አልቻለም። ብዙ የውጭ ሞጁሎች ከውጭ የሚቆዩት ለጊዜው፣ ኮዳቸው እስኪጠራና እስኪገመገም ድረስ ነው። የዜድኤፍኤስ መለያየት ግን መቼ እንደሚያበቃ የማይታወቅ ነው፤ ፓኬጁን የሚያዘጋጅ ሰውም ሥራውን በዚህ ልክ ማቀድ አለበት።

የፈቃዱ ጥያቄ በፓኬጁ ቅርጽ ላይ በቀጥታ ይንጸባረቃል። ዩቡንቱ በሚያዝያ 2016 በወጣው 16.04 ቨርዥኑ የተጠናቀረውን ሞጁል ከከርነሉ ፓኬጅ ጋር አብሮ አቀረበ። ቨርዥኑ ከመውጣቱ በፊት፣ በየካቲት 2016፣ ሶፍትዌር ፍሪደም ኮንሰርቫንሲ የተባለው ድርጅት ይህ የጂፒኤል ጥሰት ነው ሲል፣ ሶፍትዌር ፍሪደም ሎው ሴንተር ደግሞ በዚያው ወር ከዚህ የተለየ የሕግ ትንተና አወጣ። ዴቢያን በዚያው ዓመት ሌላ መንገድ መረጠ፤ ምንጭ ኮዱን ብቻ ከዋናው ማከማቻ ተለይቶ በሚቀመጠው ኮንትሪብ ክፍል አስገብቶ፣ ማጠናቀሩ በተጠቃሚው ማሽን ላይ እንዲሆን አደረገ። እንግዲህ ቴክኒካዊ የሚመስለው ምርጫ፣ ማለትም ሞጁሉ የት ኮምፓይል ይደረግ የሚለው፣ አስቀድሞ በፈቃድ ተወስኗል።

ሦስቱ የፓኬጅ ዓይነቶች

በዴቢያን የተመረጠው ዲኬኤምኤስ በዴል ኩባንያ በ2003 የተጀመረ መሣሪያ ነው። ፓኬጁ የሞጁሉን ምንጭ ኮድና አንድ አጭር የውቅር ፋይል ይይዛል፤ በፋይሉ ውስጥ የሞጁሉ ስም፣ ቨርዥኑ፣ የሚጠናቀርበት ትእዛዝና የሚቀመጥበት ቦታ ይጻፋሉ። አዲስ ከርነል ሲጫን ዲኬኤምኤስ በራሱ ተነሥቶ ሞጁሉን ለዚያ ከርነል እንደገና ያጠናቅራል።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በዴቢያንና በዩቡንቱ ከርነሉ ከተጫነ በኋላ የሚሠሩት ስክሪፕቶች በአንድ ማውጫ ውስጥ ተቀምጠው በላቲን ፊደል ተራ አንድ በአንድ ይጠራሉ። የዲኬኤምኤስ ስክሪፕት ስሙ በ«ዲ» ስለሚጀምር፣ የመነሻውን ራም ምስል (ማሽኑ ሲነሣ ዲስኩን ለማንበብ የሚያስፈልጉትን ሞጁሎች የያዘ ፋይል) ከሚያዘጋጀውና በ«አይ» ከሚጀምረው ኢኒትራምኤፍኤስ-ቱልስ ይቀድማል፤ የግሩብን (የማስነሻ ፕሮግራሙን) ምናሌ የሚያድሰው ደግሞ መጨረሻ ላይ እንዲሠራ ሲባል ስሙ በሁለት «ዜድ» እንዲጀምር ተደርጓል። የሩት ክፍሉ (ሥርዓቱ ራሱ ያለበት የዲስክ ክፍል) በዜድኤፍኤስ ላይ ላለ ማሽን ይህ ቅደም ተከተል የሞት የሽረት ጉዳይ ነው፤ ራም ምስሉ ሞጁሉ ከመጠናቀሩ በፊት ቢዘጋጅ፣ አዲሱ ከርነል ሲነሣ የራሱን ዲስክ ማንበብ አይችልም። እንዲህ ያለ ከባድ ጥገኝነት በፋይል ስም ፊደል ተራ ላይ ማረፉ አያስደስተኝም፤ ሆኖም ለዓመታት አገልግሏል፤ የራሱን ስክሪፕት ወደዚህ ማውጫ የሚጨምር ፓኬጅ አዘጋጅም ይህን ተራ ሳያውቅ ስም ማውጣት የለበትም።

የዲኬኤምኤስ የዘወትር ድክመት ግን የሄደር ፋይሎች (ሞጁሉ ሲጠናቀር የከርነሉን ፈንክሽኖች የሚገልጹለት ፋይሎች) መጉደል ነው። ለአዲሱ ከርነል የሚሆነው የሄደር ፓኬጅ በማሽኑ ላይ ከሌለ የሚጠናቀርበት መሠረት የለም። የከርነሉ ማሻሻያ ግን በተለየ ፓኬጅ ስለሚመጣ ያለምንም እንቅፋት ያልፋል፤ ጉድለቱ የሚታወቀው ማሽኑ ዳግም ሲነሣ ነው። ስለዚህ ተጠቃሚው የአንድ ቨርዥን ሄደር ብቻ ሳይሆን፣ ከርነሉ በተለወጠ ቁጥር አብሮ የሚለወጠውን የሄደር ሜታፓኬጅ እንዲጭን ማድረግ የፓኬጅ አዘጋጁ ኃላፊነት ነው ብዬ አምናለሁ።

የዩቡንቱ መንገድ፣ ማለትም ሞጁሉን አጠናቅሮ ከከርነሉ ጋር ማቅረብ፣ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ሞጁሉ የማይጠናቀር ከሆነ ይህን የሚያየው አከፋፋዩ በራሱ የግንባታ ማሽን ላይ ነው፤ ተጠቃሚው ጋ የሚደርስ ግማሽ ሥራ የለም። ሴኪዩር ቡትን (የተፈረመ ኮድ ብቻ እንዲነሣ የሚያደርገውን ጥበቃ) ለሚጠቀሙ ማሽኖችም ሞጁሉ በአከፋፋዩ ቁልፍ ተፈርሞ ይመጣል። በዲኬኤምኤስ የተጠናቀረው ሞጁል ግን ማሽኑ ላይ በሚፈጠር ቁልፍ መፈረም ይኖርበታል፤ ቁልፉን ለመመዝገብም ማሽኑ ሲነሣ ኮንሶሉ ፊት ሰው መኖር አለበት፣ ይህም ለሩቅ ሰርቨር ቀላል አይደለም። የዩቡንቱ መንገድ የራሱ ክፍተት የሚወጣው በሌላ በኩል ነው። ሞጁሉ ከከርነሉ ጋር ሲሄድ የትእዛዝ መሣሪያዎቹ በሌላ ፓኬጅ ይቀራሉ። በዩቡንቱ 18.04 ላይ መሣሪያዎቹ 0.7.5 እንደሆኑ ሲቆዩ፣ በኋላ ለአዳዲስ ማሽኖች ተብሎ የቀረበው 5.3 ከርነል 0.8.1 ሞጁል ይዞ መጣ፤ ሁለቱም በአንድ ማሽን ላይ ተገናኙ።

ሦስተኛው የሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ መንገድ ነው። ሬድ ሃት በአንድ ዋና ቨርዥን ዕድሜ ውስጥ የተወሰኑ ሲምቦሎችን (ከርነሉ ለሞጁሎች የሚከፍታቸውን የፈንክሽን ስሞች) ሳይለውጥ ለማቆየት ቃል ይገባል፤ በእነዚህ ላይ ብቻ የሚደገፍ ሞጁል አንድ ጊዜ ተጠናቅሮ፣ ለሚከተሉት ከርነሎች በሲምቦሊክ ሊንክ ብቻ ይሸጋገራል። ዜድኤፍኤስ ከሚጠቀምባቸው ሲምቦሎች አንዳንዶቹ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ስለሌሉ፣ ፕሮጀክቱ ለእያንዳንዱ ንዑስ ቨርዥን የተለየ ፓኬጅ ያዘጋጃል። ለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አያስፈልገንም።

በከርነሉ ውስጥ የተለወጠው

የፕሮሰሰሩ ቬክተር ሬጅስተሮች (ብዙ ቁጥሮችን በአንድ ትእዛዝ ለማስላት የሚያገለግሉ ውስጣዊ ማስቀመጫዎች) በተለምዶ የተጠቃሚው ፕሮግራም ናቸው፤ ከርነሉ ሊጠቀምባቸው ከፈለገ በውስጣቸው ያለውን አስቀምጦ፣ ሥራውን ጨርሶ፣ መልሶ ማስገባት አለበት። በኤክስ86 (በኢንቴልና በኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች) ላይ ለዚህ የሚሆን አንድ ጥንድ ፈንክሽን አለ፤ የመጀመሪያው ከርነል-ኤፍፒዩ-ቢጊን ይባላል። ጥንዱ በሁለት መልክ ነበር። አንደኛው ጂፒኤል ለሆኑ ሞጁሎች ብቻ የተከፈተ ነው። ሁለተኛው፣ ስሙ በሁለት የግርጌ ሰረዝ የሚጀምረው፣ ለማንኛውም ሞጁል ክፍት ነበር። ዜድኤፍኤስ ሁለተኛውን ይጠቀም ነበር፤ በእርሱም አማካይነት የሬድዜድ ፓሪቲን (ዲስክ ሲበላሽ ውሂቡን ለመመለስ የሚያገለግለውን) እና ቼክሰምን (የውሂቡን ትክክለኛነት ማረጋገጫ) በቬክተር ትእዛዞች ያሰላ ነበር።

በ2018 መጨረሻ ሴባስቲያን አንድሬይ ሲዊየር የከርነሉን የኤፍፒዩ ኮድ (እነዚህን ሬጅስተሮች የሚመለከተውን) ሲያስተካክል ሁለተኛው ጥንድ ወደ ውጭ መከፈቱን እንዲያቆም የሚያደርግ ለውጥ አቀረበ። ምክንያቱ ቀላልና ከከርነሉ አሠራር አንጻር ትክክል ነበር፤ በከርነሉ ምንጭ ኮድ ውስጥ ይህን መልክ የሚጠቀም አንድ ቦታ ብቻ ተገኘ፤ እርሱም ያለ ችግር ወደ አንደኛው መልክ ሊዛወር የሚችል ነበር። ከከርነሉ ምንጭ ኮድ ውጭ ያለ ሞጁል በዚህ ቆጠራ ውስጥ አይገባም። ለውጡ በመጋቢት 2019 በወጣው 5.0 ከርነል ውስጥ ገባ፤ ቀጥሎም ወደ ረጅም ዕድሜዎቹ መስመሮች ተመልሶ በ4.19.38 እና በ4.14.120 ውስጥ ተካተተ።

ጉዳዩን ያከበደው ይህ የመጨረሻው እርምጃ ነው። ወደ 5.0 የሚሻገር ሰው አዲስ ነገር እንደሚጠብቀው ያውቃል። ከ4.19.37 ወደ 4.19.38 የሚሻገር ግን የደኅንነት ጥገና ብቻ እንደወሰደ ያምናል፤ ረጅም ዕድሜ ያለውን መስመር የመረጠውም ለዚሁ ነው።

ምንም ስሕተት ያልታየበት ብልሽት

አንድ ሞጁል ያልተፈቀደለትን ሲምቦል ቢጠራ ሁለት ቦታ ላይ ይያዛል። በማጠናቀሩ መጨረሻ ሞድፖስት የተባለው መሣሪያ ጂፒኤል ያልሆነ ሞጁል ለጂፒኤል ብቻ የተከፈተ ሲምቦል መጠቀሙን ገልጾ ግንባታውን ያቆማል፤ ይህ ቢታለፍ እንኳ ከርነሉ ሞጁሉን ሲጭን ሲምቦሉን አላውቀውም ብሎ ይመልሰዋል። በ2019 ሁለቱም አልሆኑም፤ ይህ የሆነውም ከዜድኤፍኤስ የግንባታ ሥርዓት ጥንካሬ የተነሣ ነው።

ዜድኤፍኤስ እጅግ ሰፊ የከርነል ቨርዥኖችን ይደግፋል። ለምሳሌ 0.8.0 ከ2.6.32 እስከ 5.1 ያሉትን ይሸፍን ነበር። ይህን የሚችለው ከመጠናቀሩ በፊት የኮንፊገር ስክሪፕቱ በጣም ብዙ ትንንሽ የሙከራ ኮዶችን እያጠናቀረ፣ ይህ ፈንክሽን አለ ወይ፣ ስንት አርጉመንት ይቀበላል፣ ለእኛ ክፍት ነው ወይ እያለ ከርነሉን ስለሚመረምር ነው። መልሶቹ በአንድ የሄደር ፋይል ላይ ይጻፋሉ፤ ኮዱም በእነርሱ ላይ ተመሥርቶ ይቀረጻል። በየካቲት 2019 የወጣው 0.7.13 ለ5.0 ሲዘጋጅ፣ የኤፍፒዩ ሲምቦሎች በማይገኙበት ከርነል ላይ የቬክተር ኮዱ እንዲዘጋና ተራው ስሌት እንዲተካው ተደረገ። በጊዜው ይህ ተገቢ ውሳኔ ነበር፤ ውሂቡ ደኅና ነው፣ ፋይል ሲስተሙም ይሠራል።

ከፓኬጁ በኩል ሲታይ ግን ሁሉም ምልክት አረንጓዴ ሆነ። ዲኬኤምኤስ ሁኔታውን ሲጠየቅ ሞጁሉ ለአዲሱ ከርነል «ተጭኗል» ይላል። ሞዲንፎ (የሞጁልን መረጃ የሚያሳየው ትእዛዝ) ሲጠየቅ ትክክለኛውን ቨርዥን፣ ከከርነሉ ጋር የሚገጥመውን ቨርማጂክ (ሞጁሉ ለየትኛው ከርነል እንደተጠናቀረ የሚገልጸውን ምልክት)፣ ፈቃዱም ሲዲዲኤል መሆኑን ያሳያል። የዲስክ ፑሎቹ (ዜድኤፍኤስ አንድ ላይ የሚያስተዳድራቸው የዲስኮች ስብስቦች) ይከፈታሉ፤ በሎጉ ላይ አንድም የስሕተት መስመር የለም። ልዩነቱን የሚያሳየው በሲስኤፍኤስ (ከርነሉ ሁኔታውን በፋይል መልክ በሚያሳይበት ማውጫ) ሥር ባለው የዜድኤፍኤስ ፓራሜትሮች ማውጫ ውስጥ ያለው፣ የሬድዜድን ስሌት አተገባበር የሚዘረዝረው ትንሽ ፋይል ነው። ኤቪኤክስ2 (አንዱ የቬክተር ትእዛዞች ስብስብ) ባለው ፕሮሰሰር ላይ ቀድሞ «ፋስተስት፣ ኦሪጂናል፣ ስኬላር፣ ኤስኤስኢ2፣ ኤስኤስኤስኢ3፣ ኤቪኤክስ2» ይል የነበረው ዝርዝር አሁን «ፋስተስት፣ ኦሪጂናል፣ ስኬላር» ብቻ ይላል። የተመረጠው አሁንም በካሬ ቅንፍ የተከበበው «ፋስተስት» ነው፤ ከቀሩት መካከል ፈጣኑን ስለሚመርጥ ሐሰት አልተናገረም። የፍሌቸር ቼክሰም የፍጥነት መለኪያ ሠንጠረዥም እንዲሁ አጥሯል።

ጉዳቱ የጎላው በግንቦት 2019 በወጣው 0.8.0 ላይ ነው፤ ይህ ቨርዥን የራሱን ምስጠራ ያመጣ የመጀመሪያው ነበር። የኤኢኤስ-ጂሲኤም ምስጠራ በዘመናዊ ፕሮሰሰር ላይ ፈጣን የሚሆነው ለዚሁ በተሠሩ የፕሮሰሰር ትእዛዞች ነው፤ እነርሱም የቬክተር ሬጅስተሮችን ስለሚጠቀሙ አብረው ተዘጉ። ምስጠራን አዲስ የጀመረ ሰው የፍጥነቱን ማነስ የምስጠራው ተፈጥሯዊ ዋጋ አድርጎ ከመውሰድ ውጭ ሌላ የሚያነጻጽርበት ነገር አልነበረውም።

የተሰጡት መልሶች

ኒክስኦኤስ የተባለው ዲስትሪቢዩሽን ጉዳዩን ከከርነሉ በኩል ፈታው፤ በራሱ የከርነል ፓኬጆች ላይ ሲምቦሎቹን መልሶ ለሁሉም ሞጁል የሚከፍት ትንሽ ፓች ጨመረ። ከርነሉንም ሞጁሉንም በአንድ ማከማቻ የሚያዘጋጅ ዲስትሪቢዩሽን ይህን ማድረግ ይችላል፤ የውጭ ሞጁል ብቻ የሚያቀርብ ፓኬጅ አዘጋጅ ግን የሌላውን ከርነል መንካት አይችልም። የዜድኤፍኤስ አዘጋጆች ደግሞ በ2019 ሁለተኛ አጋማሽ የሬጅስተሮቹን ይዘት በራሳቸው ኮድ የማስቀመጥና የመመለስ ሥራ ወደ ዋናው ቅርንጫፍ አስገቡ፤ ኮዱ በዚያ መካከል ኢንተራፕትን ይዘጋል፣ የትኛውንም የተከለከለ ሲምቦል አይጠራም። የቬክተር ስሌቱም በ4.14.120፣ በ4.19.38፣ በ5.0 እና ከዚያ በኋላ ባሉት ከርነሎች ላይ ተመለሰ። በጥር 2020 የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ዜድኤፍኤስን መጠቀም እንደማይመክርና ሰንን ከገዛው ከኦራክል ይፋዊ ፈቃድ ሳይኖር ኮዱን ወደ ከርነሉ እንደማይቀበል በይፋ ተናገረ፤ ስለዚህ ከዚያ በኩል ለፓኬጅ አዘጋጁ የሚመጣ እፎይታ እንደሌለ ታወቀ።

በዚህ ጉዳይ ከርነሉን የሚያዘጋጁት ሰዎች በደሉ ብዬ አልጽፍም። ሕጋቸውን ያሳወቁት አስቀድመው ነው፤ የተከተሉትም ያንኑ ነው። ጥያቄው በመካከል ላለው ለፓኬጅ አዘጋጁ የሚቀርብ ነው፤ የትኛው ጥንቃቄ ይህን ይይዘው ነበር?

የቨርዥን ገደብ አይይዘውም። የዜድኤፍኤስ ምንጭ ኮድ የሚደግፈውን ዝቅተኛና ከፍተኛ ከርነል በሜታ ፋይሉ ላይ ይጽፋል፤ በዲኬኤምኤስ የውቅር ፋይል ላይም ሞጁሉ ለየትኛው ከርነል ብቻ እንደሚጠናቀር መወሰን ይቻላል። ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን 4.19 ከገደቡ ውስጥ ነው፣ 4.19.38 ደግሞ ራሱ 4.19 ነው። የግንባታ ሙከራም አይይዘውም። ዴቢያን የዲኬኤምኤስ ፓኬጆች ከከርነል ሄደሮች ጋር መጠናቀራቸውን በራሱ የሚፈትሽበት ሥርዓት አለው፤ ይህ ሞጁል ግን በደንብ ይጠናቀር ነበር። ሞጁሉን ጭኖ ፑል ፈጥሮ ፋይል ጽፎ የሚያነብ ሙከራም ያልፋል።

የሚይዙት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሁለቱም ቀላል ሥራ ናቸው። የመጀመሪያው በኮንፊገር የሚፈጠረውን የሄደር ፋይል ከያንዳንዱ ግንባታ በኋላ አስቀምጦ፣ አዲስ ከርነል ሲመጣ ካለፈው ጋር በዲፍ (የሁለት ፋይሎችን ልዩነት በሚያሳየው መሣሪያ) ማነጻጸር ነው። በአንድ የረጅም ዕድሜ መስመር ውስጥ ይህ ፋይል ብዙ ጊዜ ባለበት ይቆያል፤ የኤፍፒዩ መስመሩ «አለ» ከሚለው ወደ «የለም» ሲለወጥ ዲፉ ላይ ጎልቶ ይወጣል፤ ፓኬጅ አዘጋጁም ማሻሻያው ለተጠቃሚ ከመድረሱ በፊት ያየዋል። ሁለተኛው ሞጁሉ ከተጫነ በኋላ የፕሮሰሰሩን የባሕርይ ዝርዝር ከዜድኤፍኤስ የአተገባበር ዝርዝር ጋር የሚያመሳክር አጭር ሙከራ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ኤቪኤክስ2 አለኝ እያለ ሞጁሉ የማያሳየው ከሆነ ሙከራው ይውደቅ። ይህ ሙከራ በአከፋፋዩ የሙከራ ማሽን ላይ ብቻ መቅረት የለበትም ባይ ነኝ። በዲኬኤምኤስ መንገድ ግንባታው የሚካሄደው በተጠቃሚው ማሽን ላይ ስለሆነ፣ አከፋፋዩ አይቶት የማያውቀው ከርነል ላይ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ቢያንስ ማስጠንቀቂያ የሚያወጣ ቅጂው ከፓኬጁ ጋር አብሮ መሄድ አለበት።

ግንባታውን ማቆም ይሻላል ወይስ ማስጠንቀቅ የሚለው እንደ ማሽኑ ይለያያል። የሩት ክፍሉ በዜድኤፍኤስ ላይ ላለ ሰው የዘገየ ሞጁል ከሌለ ሞጁል ይሻላል፤ ግንባታው ቢቆምበት ደግሞ የቀድሞው ከርነል በቡት ምናሌው ላይ መቆየቱ መረጋገጥ አለበት። የመጠባበቂያ ቅጂ ሰርቨር ለሚያስተዳድር ግን ሌሊቱን ማለቅ የሚገባው ሥራ እስከ ረፋድ እንዲጎተት ከማድረግ ይልቅ ማሻሻያው ቢቆም ይመረጣል። እኔ ነባሪው ምርጫ ግንባታውን ሳያቆም በግልጽ ማስጠንቀቅ እንዲሆን፣ ማቆም የሚፈልግም በአንድ የውቅር መስመር እንዲመርጥ አደርጋለሁ።

በ2023 ተመሳሳይ ነገር ኤአርኤም64 በተባለው ሌላ የፕሮሰሰር ዓይነት ላይ ደረሰ። በ6.2 ከርነል ኒዮን የተባሉትን የዚህን ፕሮሰሰር ቬክተር ሬጅስተሮች የሚከፍተው ፈንክሽን ለጂፒኤል ሞጁሎች ብቻ ሆነ። በዚያ በኩል ዜድኤፍኤስ ሲምቦሉን የሚመረምር ሙከራ ስላልነበረው፣ ሞድፖስት የሲምቦሉን ስም ጠርቶ ግንባታውን አቆመ፤ ችግሩም ወዲያውኑ ተነገረ። ማስተካከያው የኤክስ86ቱን የመጀመሪያ መልስ የተከተለ ነበር፤ ኮንፊገር ሲምቦሉን እንዲመረምርና ከሌለ የኒዮን ኮዱ እንዲዘጋ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ግንባታው እንደገና ያልፋል፤ በእነዚያ ማሽኖች ላይ የጎደለውን ማወቅ የሚቻለው በሬድዜድ ዝርዝር ውስጥ ሁለቱ የኒዮን አተገባበሮች መኖር አለመኖራቸውን በማየት ነው።